የአዮ ዙቤዳ የኩል ድንጋይ

ኅዳር 9
ነፋሱ ልብሳችንን ጎረቤት ግቢ ጣለው። ሕፃኗ ጠግባ ተኛች። የባለቤቴ እናት አዮ ዙቤዳ ከጎበሳ መጡልኝ፤ ገንፎውን ራሳቸው አብስለው በእጃቸው አጎረሱኝ። ምን ሠርቼ እንዲህ ታደልኩ?
ኩላቸውንም ይዘዋል። ቅዳሜ ስም ሲወጣ የልጅቷን ዓይን ሊኩሉ... ድንጋዩን «ጨው ያጠራዋል» ብለው ዓመታት ጨው ውሃ ውስጥ አኑረውታል። ጥቁሩ ላይ ቢጫ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነገር በቅሎበታል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ግን አላወቅኩትም።

ኅዳር 10
በሳንቲም ጫር ሳደርገው ተፋቀ። ትንሽ ሆኖ ሲከብድ! ፎቶውን የጂኦሎጂ መምህር ለሆነው ለቶላ ላክሁ። «በሐሰተኛ ብር መፈተሻ መብራት እዪው» አለኝ። ከባለቤቴ ከዱሬሳ ሱቅ አስመጣሁ። በጨለማ ቢጫ ሆኖ በራ!
ቶላ በስልክ በደስታ ጮኸ። «ፎስጀናይት የሚባለው ማዕድን ሳይሆን አይቀርም፣ ብርቅ ነው! ጥቁሩ ውስጥ እርሳስ አለ። ከጨው ውሃና ከአየር ጋር ሲቆይ እንዲህ ይሆናል።» ከዚያ፣ «ቆይ... ኩል ነው ያልሽኝ? ለሕፃን? እንዳትነኩት! እርሳስ አእምሮዋን ይጎዳል።»

ኅዳር 12
ዱሬሳ «እናቴን አንቺ ንገሪያት» ብሎ ሱቁ ሄደ። ጀግና! አዮ በየአራሱ ቤት የሚጠሩት በዚህ ኩል ነው። እንዴት ብዬ...
ነገርኳቸው።
«እርሳስ? ጥይት የሚሠሩበት?»
«አዎ፣ አዮ።»
የኩሉን ጣሳ ከደኑ። እራት አልበሉም። ልቤ ተሰበረ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ
ስሟ ሙቢና ተባለ። ቤቱ ሞልቶ አንዷ «ኩሉስ?» አለች።
አዮ ተነሡ። «የእኔ ኩል መርዝ አለበት። እኔም አላወቅኩም። ልጄን አይነካትም፣ እናንተም ጣሉት።»
ጉልበታቸውን ልስም ስል «ያ ኢንተላ፣ ልጄ፣ ተነሺ፣ አራስ ነሽ» አሉኝ። አልሃምዱሊላህ፣ እንዲህ ያለች እናት ሰጠኝ።

ኅዳር 20
አዮ ድንጋዩን ለቶላ ልከው ጎበሳ ተመልሰዋል። ዛሬ ደወሉ። ኩል የሰጧቸውን ቤቶች እየዞሩ ነው።
«አንዷ ‹ዓይኔን ስታጠፊ ኖረሻል› ብላ በሩን ዘጋችብኝ» አሉ።
«ይተዉት በቃ፣ አዮ።»
«ልጅ አላት እኮ። ነገ ወደ በሯ እመለሳለሁ።»