አንድ ጫማ ሲቀራት የምትስት ኳስ

ለክቡር ሚስተር ላክላን ዳልጊቲ
የምሥራቅ ጠረፍ የጎልፍ ክበቦች ኅብረት የማካካሻ ኮሚቴ ሊቀመንበር
ባሉበት፣ ማለትም ዋንጫዎችዎ በተደረደሩበት ሳሎን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ይልቁንም እጅዎ እንዴት ነው? ስለ እጅዎ የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ። እኛ እዚህ ኪንኔርኒ፣ ከአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ የምንውል ሽማግሌዎች፣ የባሕሩ ነፋስ እስካልወሰደን ድረስ ደህና ነን። የዓሣ ነጋዴው የታም ሰው ሠራሽ ጥርስ ብቻ ባለፈው ሳምንት ሲያስነጥስ ወጥታ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ ይዟት ሄዷል። ታም ግን ያለ ጥርስም ስምዎን አጥርቶ ይጠራል።

የዘነጉኝ እንደሆነ ዱጋል ኢምሪ እባላለሁ። የከተማው ፀጉር አስተካካይ ሆኜ ጭንቅላትዎን ለብዙ ዓመታት በቅርብ ሳውቀው ኖሬአለሁ፤ ውጪውን ማለቴ ነው። ፀጉርዎ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ስለወጣ ግንኙነታችን ተቋረጠ እንጂ በመካከላችን ቅያሜ አልነበረም።

ደብዳቤዬ የሚወጣበትን ይህን ጋዜጣ የሚገዙት ዓሣ ለመጠቅለል ብቻ የሆኑ የተከበሩ ወይዛዝርትም ጉዳዩን እንዲከታተሉት፣ በቅድሚያ አንድ ነገር ላስረዳ። በጎልፍ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ነገር ግን ደካማና ብርቱ አብረው መጫወት እንዲችሉ ለደካማው ከምቱ ላይ ይቀነስለታል፤ ማካካሻ የምንለው ይህንን ነው። የማካካሻው ልክ የሚወሰነው ሰውየው በቆጠራ ቀን ተጫውቶ በሚያስገባቸው ካርዶች ነው። እንግዲህ አንድ ብርቱ ሰው በቆጠራ ቀን ሆን ብሎ ቢሳነፍ፣ በዋንጫ ቀን የደካማ ድጎማ ተሸክሞ ይመጣል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በእኛ ከተማ ስም አለው፤ ስሙን ግን ጋዜጣው አያትምልኝም።

አሁን ምስጋናዬንና አቤቱታዬን በየተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ክበባችንን በኅብረትዎ አባልነት ስለተቀበሉልን እናመሰግናለን። ከዚያ በፊት የኖርነው በጨለማ ነበር። ማካካሻ የምንወስነው ታምና እኔ ነበርን፤ ታም አዲሱን አባል ከእግር እስከ ራሱ ያይና «ለዚህ ሃያ ስጡት፤ ምስኪን፣ ሚስቱም ጥላው ሄዳለች» ይላል፣ እኔም እስማማለሁ፣ አለቀ። በዚህ ኋላ ቀር አሠራር ለአንድ ትውልድ ያህል ማንም ከማንም ጋር ሳይጣላ ኖረ። ክቡርነትዎ ከመጡልን ወዲህ ግን ሥሌቱን ኮምፒዩተር ይሠራልናል፤ ጥሉንም እንደዚሁ በሥርዓት አግኝተነዋል።

ሁለተኛ፤ ረቡዕ ረቡዕ ስለሚያሳዩን ትርኢት ልባዊ ምስጋናችን ይድረስዎ። ረቡዕ የቆጠራ ቀን እንደመሆኑ ኳስ ሁሉ እስከ መጨረሻው ጉድጓድ መግባት አለባት፤ ምሕረት የለም። ሜዳው የከተማው የጋራ መሬት፣ ወንበሯም የሕዝብ በመሆኗ፣ ለዚህ ትርኢት መግቢያ ሳንከፍል ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ክቡርነትዎ ከሩቅ ሲመቱ፣ ጠላት አልሆንም፣ ደስ ይላል። ኳሷ በነፋስ ውስጥ ቀጥ ብላ መጥታ ከጉድጓዷ አጠገብ እንደ ጨዋ ልጅ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ። አንድ ጫማ ሲቀራት፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ በከዘራዬ ገፍቼ የማስገባት ኳስ፣ በክቡርነትዎ እጅ ትስታለች። እንዴት ያለ አሳሳት! ትንፋሽዎን ይውጣሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ ገፋ ያደርጓታል፣ እሷም ሁልጊዜ በግራ በኩል ታልፋለች። በቀኝ ሜዳው ወደ ጉድጓዷ ስለሚያዘነብል ድንገት ገብታ ልታዋርድዎ ትችላለችና። ቀጥሎ ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ራስዎን ይነቀንቃሉ።

መጀመሪያ ላይ እኛም አዝነን ነበር። «ሰውየው እጁ ይንቀጠቀጣል» አልኩ እኔ። ታም ግን «እሁድ ዕለት ከከተማው ጠበቃ ጋር በውስኪ ሲወራረድ አልተንቀጠቀጠማ! ከእዚያ እስከ እዚህ ገፍቶ አስገባት እኮ!» ብሎ ከወንበሯ ጫፍ እስከ አሸዋው ድረስ በከዘራው አሳየን። በመካከላችን የተቀመጠው ሙርዶ ጌዲስ ነው ያን ጊዜ የተቆጣው። «ተዉ፣ ሰው አትሙ። ረቡዕ ስለሚያስብ ነው፤ ሐሳብ እጅን ያከብዳል» አለን።

ሦስተኛ፤ ሙርዶን ስለሚመለከት ጥቂት መታገሥ ይኖርብዎታል። ሙርዶ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ጠረፍ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ አሁን ደግሞ ዓይኑ ቀስ በቀስ እየከዳው ያለ ሽማግሌ ነው። ኳሱ የት እንደወደቀች የምንነግረው እኛ ነን። ከእሾሁ ቁጥቋጦ ውስጥ ማንም ሳያየው የመታውን ሁሉ ይቆጥራል። አንድ ቀን ኳሱን ሊመታ ዱላውን እንዳስጠጋ «ነክቻታለሁ፣ ተነቃንቃለች፣ አንድ ምት ጻፍብኝ» ቢለው፣ ታም «አንተ ሰውዬ፣ ኳሷን ራሷን ሳታያት መነቃነቋን በምን አየህ?» አለው። ሙርዶ «ተሰምቶኛል፤ ጻፍ» አለ። ተጻፈበት። በዚያች ምት ምክንያት ሜዳሊያ ሳያገኝ ቀረ፣ ወደ ቤቱም እያፏጨ ሄደ። ክቡርነትዎ ይህን ዓይነቱን ሕመም እንደማያውቁት እገምታለሁ፤ አይተላለፍምና አይሥጉ።

አራተኛ፤ በሰኔ ወር የአረጋውያን ዋንጫ ላይ ዕጣ ክቡርነትዎን ከሙርዶ ጋር አገናኘ። ሕዝቡ ውጤቱን ያውቃል፣ አወዳደቅዎን ግን ያየነው ጥቂቶች ነን። ሁለታችሁም እንደየማካካሻችሁ ተቀናንሶላችሁ እስከ መጨረሻው ጉድጓድ እኩል ሄዳችሁ። ሙርዶ ጨርሶ ቆሟል። የክቡርነትዎ ኳስ አንድ ጫማ ቀርቷታል። ካስገቡ እኩል ትሆናላችሁ፣ ጨዋታውም ወደ ተጨማሪ ጉድጓድ ይሄዳል፤ የሙርዶ እግር ደግሞ ተጨማሪ ጉድጓድ ቀርቶ ተጨማሪ ደረጃ መውጣት አይችልም ነበር። ዋንጫው በእጅዎ ነበር ማለት ነው።

በሁለት ሰው ግጥሚያ ደንብም ልማድም እንደሆነ፣ ኳስ ከጉድጓዷ አፍ ከደረሰች ተጋጣሚ «አንሣት» ይላል፤ አንሣት ከተባለች እንደገባች ተቆጥራ ትነሣለች። ሙርዶ ለማንም «አንሣት» ሳይል ቀርቶ አያውቅም። ያን ዕለትም አፉን ከፈተ፤ «አን...» ሲል ሳሉ ያዘው። ክቡርነትዎ ግን የአንድ ሽማግሌ ሳል እስኪያልፍ የሚቆሙበት ጊዜ አልነበረዎትም። ጎንበስ አሉ፣ ገፋ አደረጓት። በግራ በኩል አለፈች።

ክቡር ሆይ፣ የዚያን ጊዜውን ፊትዎን ለሰባት ዓመት ፀሎት ባደርግ አላገኘውም። በእውነት ሊያስገቧት ፈልገው ነበር፤ እኔ ምስክር ነኝ። ነገር ግን እጅዎ ረቡዕ ረቡዕ እንዲህ ሲሰለጥን ኖሮ፣ ቀኑ የዋንጫ ቀን መሆኑን ማን ይንገረው? የለመደውን አደረገ። ታማኝ እጅ ነው፤ በአካልዎ ላይ ታማኝ የሆነ አንድ ነገር በመገኘቱ እንኳን ደስ አለዎት።

ሙርዶ ባርኔጣውን አውልቆ እጁን ዘረጋ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ አንሣት ልልዎት ነበር፣ ሳሌ ነው የቀደመኝ» አለ። ክቡርነትዎ ባርኔጣዎን ሳያወልቁ ሁለት ጣት ሰጥተውት ወደ መኪናዎ ሄዱ። ዝናብ ስላልነበረ ባርኔጣው ላይ ለምን እንደጸኑ አልገባንም፤ የራስ ቅልዎን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ያዘንኩልዎ።

አምስተኛ፤ ሰኞ ጠዋት በክበቡ ቤት መግቢያ፣ ሰው ሁሉ ጫማውን በሚያወልቅበት ቦታ፣ በአራት መርፌ የተወጋ የኅብረትዎ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። «ሚስተር ሙርዶ ጌዲስ፤ ማካካሻቸውን ሆን ብለው ከፍ አድርገው ይዘዋል በሚል ጥርጣሬ ታግደዋል» ይላል፤ ከግርጌው የክቡርነትዎ ፊርማ አለ። ፊርማውን ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ በአድናቆት ቆሜ ቀረሁ። ሌባ ሌላውን ሰው ሌባ ሲል ሰምቻለሁ፤ የራሱን የስርቆት ዘዴ እንዲህ አጥርቶ፣ ቃል ሳያጎድል፣ በሌላ ሰው ስም ጽፎ የለጠፈ ግን ከክቡርነትዎ በቀር አላየሁም። እውቀት ያለው ሰው መሆንዎን ከዚህ ተረዳሁ።

ከዚያች ሰኞ ወዲህ ሙርዶ ወደ ወንበሯ አልመጣም። ቤቱ ሄጄ ባለቤቱን ኤፊን ጠየቅኋት። «ምን ልበልህ ዱጋል? የጨዋታ ጫማውን ወደ ጓዳ አስገባው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በኋላ በር ነው የሚገባው። ትናንት ሥጋ ቤት አንዷ ሴትዮ ጎኔ ቆማ ‹ለካ እሱም!› አለች፣ እኔን እያየች። ለካ እሱም አለች!» ብላ ፎጣውን አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጠፈችው።

ይግባኝ ብንጠይቅ፣ በኅዳር እንደሚታይ በትሕትና ተነገረን። ለዚህም እናመሰግናለን። ዓይን ሐኪሙ ደግሞ ለሙርዶ የነገረው ይህ በጋ ሜዳውን የሚያይበት የመጨረሻው በጋ መሆኑን ነው። እንግዲህ ኅብረትዎ ስሙን የሚያጠራለት፣ ቢያጠራለት፣ ሜዳውን ማየት ካቆመ በኋላ ነው። ጥንቃቄዎን እናደንቃለን፤ ዕውር ሰው ለዋንጫዎ ሥጋት አይሆንም።

ስለዚህ አንዲት ትንሽ ልመና አለችኝ። ያቺን ወረቀት እስከ ቅዳሜ ጠዋት በገዛ እጅዎ ያንሡልን፤ በምትኩም ሙርዶ ጌዲስ የተጠረጠረበትን አለማድረጉን የሚናገር ሌላ ይለጥፉ፤ መርፌዎቹ አሉ፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ይህ ካልተመቸዎት ቅዳሜ ወደ ወንበሯ ይምጡልን። ታም ጫማውን ያወልቃል፤ ተረከዙን ከጉድጓዷ አፍ እናስጠጋና ኳስ ከጫፉ ላይ እናስቀምጥልዎታለን፤ እየደጋገሙ ይመቱልናል። ከተማው በሙሉ ተጋብዟል። ካስገቧት፣ ረቡዕ ረቡዕ ሲያታልሉ እንደኖሩ በገዛ እጅዎ ይመሰክራሉ። ከሳቷት ደግሞ፣ ሙርዶ ያሸነፈዎት አታሎ ሳይሆን እርስዎ መጫወት ስለማይችሉ ነው። ከሁለቱ የትኛው ለክብርዎ እንደሚስማማ ለመወሰን እስከ ቅዳሜ በቂ ጊዜ አለዎት። ታም ጫማውን ማውለቁ በራሱ ቅጣት መሆኑን ግን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የክቡርነትዎን ዋንጫዎች ብዛት እያሰብኩ እንቅልፍ የማጣ፣ ለእጅዎ ማገገም ሻማ የማበራ፣ ስምዎ በተጠራ ቁጥር ብድግ ብዬ ወንበሬን ወደ ሌላ ቦታ የማዞር፣ ፍጹም ታዛዥዎ

ዱጋል ኢምሪ
የቀድሞ ፀጉር አስተካካይ
ኪንኔርኒ፣ ከአሥራ ሰባተኛው ጉድጓድ አጠገብ

ተጨማሪ፤ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት በማእድ ቤቱ ተቀምጬ ለሙርዶ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት። ሰምቶ ሲያበቃ «አጥፋው» አለኝ። «የቱን?» አልኩት። «ሁሉንም። ሰላምታውን ተወው» አለ። አልታዘዝኩትም። ከዚያ እንዲህ ሲል አዘዘኝ፣ ይህችን ግን ቃል በቃል እታዘዘዋለሁ፦ «ያን ቀን ሳሌ ባይቀድመኝ ኖሮ አንሣት እለው ነበር። ያቺ ምት ዕዳ ሆናብኛለች፤ የማንም ነገር በእጄ እንዲቀር አልፈልግም። በጋዜጣው ላይ ጻፍልኝ፣ ሰዉ ሁሉ ይስማ፤ ኳሱን ያንሣት። ገብታለች። ዋንጫውንም ኤፊ ወልውላዋለች፣ መጥቶ ይውሰድ።» እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ዋንጫው ከሙርዶ በር አጠገብ፣ ከጫማ መደርደሪያው ላይ ይጠብቅዎታል። ሊወስዱት ሲመጡ ግን በሩን የሚከፍትልዎ እሱ ነውና፣ ባርኔጣዎን ያውልቁለት። አጥርቶ አያይዎትም፤ እኛ ግን መንገዱ ማዶ ቆመን እንነግረዋለን።