ሀብትሽ፣ ጨዋታው ለምን እንደማይከፈት ታውቅ ነበር

ውድ ወንድሜ ሀብትሽ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ወር ሊሞላህ ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ኾበር የአሠሪዬን የማዳምን ልጆች ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ነበር የክፍል ጓደኛህ ጀማል ደውሎ ያረዳኝ። እንዴት ከርመሃል ብዬ እንዳልጀምር አንተ የለህም። ጤናህን እንዳልጠይቅህ ደግሞ ጤናህን የደበቅከኝ አንተው ነህ። እና እውነቱን ልንገርህ፣ ተናድጄብሃለሁ። አልቅሼ አልቅሼ ለቅሶው ሲወጣልኝ የቀረኝ ንዴቱ ነው።

አስከሬንህ እስካሁን ዳማም ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ከሞተም በኋላ የወረቀት ጣጣ አይለቀውም፤ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲልከኝ ከረምኩ። ትናንት አለቀ። ማዳምም የመውጫ ቪዛውን፣ ኹሩጁን አስመታችልኝ፣ ሐሙስ አብረን እንሳፈራለን፤ አንተ ከዕቃው ጋር፣ እኔ ከሰው ጋር። እማዬ ግን አልሰማችም። ደሴ ሆና በደወልኩ ቁጥር ስለ አንተ ትጠይቀኛለች፣ እኔም ስልኩ ተበላሽቶ ነው እላለሁ። አጎታችን አስከሬኑ ቤት ሊገባ ሲል ዘመድ ማልዶ ይሄድና ያረዳታል፣ እስከዚያ አፍሽን ያዢ ብሎኛል። ወግ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሰው ሁሉ እያወቀ አንዲት ሴት ብቻ ሳታውቅ መክረም ምን እንደሚመስል ከአንተ ተምሬያለሁና ወጉ አልዋጥልህ አለኝ።

ዓርቦቻችንን ታስታውሳለህ? ማዳም ዳማም እናቷ ጋ ስትሄድ ኾበር ካለው ሰፈሯ ከአል ራዋቢ ይዛኝ ትመጣና እዚያው ዳማም፣ አል ሙሐመዲያ ሰፈር እናንተ በር ላይ ታወርደኛለች። ያንን ኮምፒውተር ዳህራን ዕቃ ስትጭን፣ ወደ አገሩ የሚገባ ፈረንጅ ሰጥቶህ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ያመጣኸው ቀን፣ ልጅ የወለድክ ነበር የምትመስለው። ከዚያ የመኪና ውድድሩ መጣ። በአንድ ኪቦርድ ለሁለት፤ አንተ በቀኝ በኩል ያሉትን ቀስቶች፣ እኔ በግራ ያሉትን ፊደሎች። በክርንህ ትገፋኛለህ፣ እኔ እጮሃለሁ። ስትቀድመኝ ብድግ ብለህ ደረትህን ትደልቃለህ፤ አብሮህ የሚኖረው የከሚሴው ጀማል ደግሞ ከፍራሹ ላይ ሆኖ፣ አንቺ ልጅ አላህ ሰብሩን ይስጥሽ ይለኛል። አንዴ የቀደምኩህ ዕለት ቁልፉ አቧራ ገብቶበት ነው ብለህ ድርቅ አልክ። ወይ አንተ! ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ በዓይኔ የሚመጣው ያ ነበር።

ከገና በኋላ ጨዋታው አልከፈት አለ። ምስሉን ሁለቴ ስንጫነው ያቺ ክብ ትሽከረከራለች፣ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደነበረበት። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ መዝሙሩም ፊልሙም ይሠራል፣ ጨዋታው ብቻ ነው እምቢ ያለው። አንተ ኸላስ፣ ተይው አልከኝ። እኔ ግን መቼ ነገር እተዋለሁ! አጥፍቼ አበራሁት። ሲዲውን በጥጥ ወለወልኩት። ጨዋታውን ነቅዬ እንደገና ጫንኩት። የማዳም ትልቋ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ስለሆነች፣ ሳህን እያጠብኩ በተሰባበረ ዓረብኛዬ ብጠይቃት የስክሪኑ ካርድ ድራይቨር አርጅቶ ይሆናል አለችኝና አዲሱን በፍላሽ ሰጠችኝ። ፍላሹን ጡት መያዣዬ ውስጥ ሸጉጬ ነው ያመጣሁት። አልሠራም። በሌላው ዓርብ አንቲቫይረሱ ይሆናል የሚከለክለው ብላኝ እሱንም አጠፋሁት። አሁንም ማፊ፣ ምንም የለም።

አንተ አጠገቤ ተቀምጠህ፣ ቀኝ እጅህን ከጭንህ ሥር ከተህ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ፣ እስቲ ደግሞ እሱን ሞክሪው ትለኝ ነበር። ብርድ ነው እጅህን የያዘህ ብልህ፣ አዎ ብርድ ነው አልከኝ። ጀማል ጣራ ጣራውን ያያል። እኔ ጅሏ ደግሞ እንዲህ እልህ ውስጥ ገብቼ፣ ለሚቀጥለው ዓርብ ምን እንደምሞክር እያሰብኩ ወደ ኾበር እመለሳለሁ።

አርባህን ለማሰብ ስንሰበሰብ ነው ጀማል የተናዘዘልኝ። ለካ ከዓመት በፊት ለእንቁጣጣሽ፣ አገር ቤት ያለን ይምሰል ብለህ የኮምፒውተሩን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰኸው ነበር። ጨዋታው ፈቃዱን የሚያየው በፈረንጆቹ ቀን ነውና፣ ዓመቱ ወደኋላ ሲሄድበት ተጭበረበርኩ ብሎ አልነሳም አለ። ያን ጊዜ ምክንያቱን ስትደርሱበት ሁለታችሁ በሳቅ ፈነዳችሁ፣ ቀኑን አስተካከላችሁና ነገሩ አለፈ። ቀኝ እጅህ መታዘዝ ሲተው ግን ያንኑ አስታወስክ። አብረን ከተጫወትን ጣቶችህ ቀስቶቹን መጫን እንዳቃታቸው አያለሁ። ስለዚህ ዓመቱን ሁለት ሺህ አራት አደረግከውና ቁጭ ብለህ አየኸኝ።

አየህ፣ የሚያንገበግበኝ ቀኑ እኮ ስክሪኑ ጥግ ላይ ነበር! ስንቴ አይቼዋለሁ። ሁለት ሺህ አራት ይላል፣ ያለንበት ዓመት ሁለት ሺህ አራት ነው፣ ምኑ ይገርመኛል? የማዳም ልጅ አንዴ ብታየው ኖሮ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ማለት ሲገባው ምን ሆኖ ነው ትል ነበር። የአገሬ ሰው ዓይን እንደማይደናቀፍበት አውቀህ ነው ያደረግከው። በዚህ ሞኝነቴ ነው የተጫወትክብኝ።

ኢቃማ የማይጠይቅ ክሊኒክ ሄደህ ጭንቅላትህን በሲቲ ስካን ሲያዩህ ዕጢ ተገኘ። ሐኪሙ ቶሎ አገርህ ግባና ታከም አለህ። ለፖሊስ እጅህን ብትሰጥ ይዘው በአውሮፕላን ይመልሱህ ነበር፣ ስንቱ እንደዚያ አይደል የገባው? አንተ ግን የሺ ከሰማች ኮንትራቷን ጥላ አብራኝ ትሄዳለች፣ በእሷ ደሞዝ የሚተዳደረው የእማዬም ቤት ይዘጋል ብለህ፣ ጀማልን በቁርኣን አስምለህ አፉን ዘጋኸው። የመጨረሻዎቹን ዓርቦች የማዳም እናት ኾበር መጥታ ስለከረመች መምጣት ሲያቅተኝ፣ በስልክ ምን አልከኝ? ጨዋታውን እያስተካከልኩት ነው፣ ስትመጪ እንጫወታለን አልከኝ። ያን ጊዜ እኮ ከአልጋ አትነሳም ነበር!

አዎ፣ ጥዬ እሄድ ነበር። ታዲያስ? ወንድሜ ነህ! ይኸው ኮንትራቱንም ትቼው እየሄድኩ ነው፣ ግን ከሳጥን ጋር። ለአንቺ ብዬ ነው ያደረግኩት አትበለኝ፤ ማን ወስንልኝ አለህ? በጎንህ ተቀምጬ አንተን ማየት ሲገባኝ ፊቴን ወደ ስክሪን አዙረህ ወራቱን አስጨረስከኝ። ጀማል ላይም ተናድጄ ነበር፣ ግን እንደ ሕፃን ሲያለቅስ ሳየው ተውኩት። ያንን ሁሉ ተሸክሞ የከረመው እሱ ነው።

ጀማል የነገረኝ ዕለት የኮምፒውተሩን ቀን አስተካከልኩት። ወዲያው ተከፈተ፣ ያ ጯሂ ሙዚቃው ክፍሉን ሞላው። አንድ ዙር ልንዳ ብዬ ጀመርኩና የአንተ መኪና መነሻው ላይ ቆማ ስትቀር አጠፋሁት። ኮምፒውተሩን ለጀማል ተውኩለት፣ ክፍሉንም አሁን ከሌላ ልጅ ጋር ነው የሚጋራው። ልብስህን አጥቤ ሻንጣዬ ውስጥ ከትቻለሁ።

ነገ ጠዋት ለእማዬ እደውላለሁ። አክስታችን አጠገቧ እንድትቀመጥ ነግሬያታለሁ፣ አጎታችንም ይቆጣ። እንደሞትክ ብቻ አልነግራትም። እንደታመምክ፣ እንደፈራህ፣ ለእሷ ቤት ብለህ ዝም እንዳልክም እነግራታለሁ። ትጮኻለች፣ ትረግመኝም ይሆናል። ግን ሐሙስ ሳጥኑ ሲወርድ በሰው መሀል ተደናግራ አትቆምም፤ ልጇ መሆኑን አውቃ፣ አልቅሳልህ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነው የምትቀበልህ። አንተ የነፈግከኝን እኔ ለእሷ አልነፍጋትም።

አልረሳህም፣ ሀብትሽ። ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ደግ ነበር ሲልህ እኔም ደግ ነበር እላለሁ፣ ደግ ነህና። ቤት ስንቀር ግን ለእማዬም ለራሴም ሌላውን እናገራለሁ፤ የወደድከኝን ያህል ብታምነኝ ኖሮ እጅህን ይዤልህ ነበር የምትሞተው።

እህትህ የሺ