የኮሶ አበባ ወደ ገዳሪፍ

ጥር ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.
ከደብረ ማርቆስ አጠገብ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ከአገርህ ወጥተህ ገዳሪፍ ለተቀመጥኸው፤

እንዴት ነህ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ንዳዱስ ለቀቀህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ላሚቱ ወልዳለች። ገብሱን ውርጭ መታው። የእናታችን እኅት በኅዳር ዐርፋለች፤ ባንተም ፈንታ አልቅሼላታለሁ።

የጥቅምት ደብዳቤህ ደርሶኛል። ልጅ ሳለን ፊደሉን ጮኸህ ስታጠና ወፍጮ ላይ ሆኜ የለቀምሁት ለዚህ ጠቀመኝ፤ ለማንም ሳላስነብብ ራሴ አነበብሁት። ኮሶ እንደ ታየህ፣ ትሉ እንዳመነመነህ፣ በዚያ አገርም የኮሶ ዛፍ እንደሌለ ጽፈሃል። ከዚያ «ባልሽን ጋሼን ታጠጫቸው በነበረ እጅሽ ስፈሪልኝ» ትላለህ። ይህችን ካነበብሁ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነልኝም።

አበባውን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቀዩን መርጬ ለቅሜ አድርቄዋለሁ። መስፈሩ ላይ ግን እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ጭብጥ አድርጌ ቋጠርሁ፤ ፈታሁና ቀነስሁ፤ ደግሞ አነሰ ብዬ መለስሁበት። ጎረቤቴ እማሆይ ወለተ ሐዋርያት አይተውኝ «አንቺ፣ ኮሶ ነው ወይስ ወርቅ የምትሰፍሪው?» ብለው ሳቁብኝ። አብሬ ሳቅሁና ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ነጋዴው አስማማው አሁን ደጅ በቅሎውን እየጫነ ነው። ደምበጫ ላይ የጣሊያን ወታደሮች ዕቃ ይፈትሻሉና «አበባው ለማን ነው ቢሉህስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለሆዴ ነው፤ ከፈለጋችሁ አንድ ዋንጫ ልበጥብጥላችሁ እላቸዋለሁ» አለኝ። ይህን ወረቀት ግን ኮርቻው ውስጥ ይሰፋዋል። ቶሎ በይ እያለኝ ነው፤ እንግዲህ ልናገረው።

ጋሼ በሆድ ሕመም ሞቱ ብዬ ነበር የላክሁብህ። ሐሰት አይደለም። ሕመሙን የሰጠኋቸው ግን እኔ ነኝ።

አንተ ጨሞጋ ገደል ውስጥ ተሸሽገህ ስንቅ እልክልህ በነበረ ጊዜ፣ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ጭቃ ሹም ነበሩና መምጣቱ አዲስ አልነበረም። የዚያን ቀን ግን እኔን አስወጥተው ተነጋገሩ። ሰውየው ከሄደ በኋላ እራት አልበሉም። «ነገ ጠዋት ከሰዎቹ ጋር የምሄድበት አለ፤ በቅሎዋን አስጭኚልኝ» አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ «ወንድምሽ አሁንም ከዚያው ነው?» አሉኝ። እኔ ምን አውቄ አልሁ።

ወዲያው ሰው ላክሁብህ። ገደሉ ውስጥ ደርሶ አንተን ለማውጣት ግን አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልገው ነበር። እሳቸው ኮሶ ከጠጡ ሁለት ወር አልፏቸው ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም፤ ማን ቢመጣም አይገናኝም፤ ጣሊያኖቹ እንኳ ይህን ለምደውታል። ስለዚህ ዘፈዘፍሁ። በአንድ ጭብጥ እስከ ቀትር ይሻላቸው ይሆናል ብዬ ፈራሁና ሦስት አደረግሁት።

ጠዋት አስተርጓሚው ሲመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ብዬ ከደጅ መለስሁት። «የመረጡት ቀን!» ብሎ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። በማግሥቱ ወታደሮች ይዞ ሲመለስ ሬሳ እየተገነዘ ነበር። አንተ ያን ጊዜ ገደሉን ለቅቀህ ወጥተሃል። ለንስሐ አባቴ እንኳ ኮሶው በዛባቸው አልሁ እንጂ አበዛሁባቸው አላልሁም።

ይህን የምጽፍልህ በእሳቸው ክፉ እንድታስብ አይደለም። ወዴት ሊሄዱ እንደ ነበር አልነገሩኝም፤ አንተም አትጠይቀኝ። ዕረፍት የነሣኝ ሌላ ነው። ዋንጫውን ስሰጣቸው ቀመሱና ከአፋቸው አወረዱት። «ዛሬስ በዝቷል» አሉ። በበሩ በኩል የተጫነችውን በቅሎ አዩ። እኔን አዩኝ። ከዚያ እስከ አተላው ጨለጡት። «ኮርቻዋን አውርዱላት» ብለው ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

አምስት ቋጠሮ ልኬልሃለሁ። አንዱ ቋጠሮ ለአንድ ጊዜ ነው፤ በጭብጥህ ልስፈር አትበል፣ ያንተ ጭብጥ ከኔ ይበልጣል። ማታ ዘፍዝፈህ ጠዋት በባዶ ሆድህ ጠጣው። እጄን ብትፈራ ከአገራችን ሰዎች አንድ አዋቂ ፈትቶ ይይልህ፤ አልቀየምህም። ብትጠጣውም ብትደፋውም ግን ጻፍልኝ።

የባዕድ አገር ሰው ፊት አይንሳህ። እግዚአብሔር ንዳዱን ያርቅልህ። እግርህን ወደ ቤትህ ያቅናልህ።

ታላቅ እኅትህ