ዳንቴል ለብሶ ስለተቀመጠው የአክታ መምጠጫ ማሽን

ይድረስ ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ ለአቶ ሽመክት፤

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? በተለይም አተነፋፈስዎ እንዴት ነው? እኛ የጥርባ ሰዎች ደኅና ነን፤ አባቴ አቶ መሳፍንትም እነሆ ይተነፍሳሉ። ስለሆነም ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብልዎ ተነሣሁ።

1ኛ፤ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ስትሮክ የጣላቸውን አባቴን በጋሪ ይዘን ስንደርስ ጉሮሯቸው በአክታ ተዘግቶ ከንፈራቸው ጠቁሮ ነበር። ነርስ ኢየሩስ በጎናቸው አስተኝታ አፋቸውን ብትጠርግም አልበቃ ስላለ የመምጠጫ ማሽኑን ፈለገች። ማሽኑ ግን በተቆለፈው ቢሮዎ ውስጥ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ ጎብኚዎችን ይጠባበቅ ኖሯል። ይህን የመሰለ ዕቃ ከታማሚ አክታ ስለጠበቁልን እናመሰግናለን።

2ኛ፤ እንጅባራ ስብሰባ ላይ ሳሉ ስደውልልዎ ስልኩን ማንሳትዎ ትልቅ ትሕትና ነው። «ማሽኑ ገና አልተመረቀም፤ እስክመጣ ታገሡ» ያሉትን መልእክት ለአባቴ በአክብሮት አድርሻለሁ፤ እርሳቸው ግን በዚያች ሰዓት ለመታገሥ የሚሆን ትንፋሽ አልነበራቸውም።

3ኛ፤ የቢሮዎን በር የገነጠልኩት እኔ እንጂ ኢየሩስ አይደለችም። ስለዚህ ለእርሷ የጻፉትን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በስሜ እንዲያዞሩልኝ እለምናለሁ።

እርስዎ አላዩትምና እርሷ ያደረገችውን ልንገርዎ። ማሽኑን ሰክታ መምጠጡን በውኃ ሞከረች። ቱቦውን ከአባቴ ከንፈር ጥግ እስከ ጆሯቸው ጫፍ ለክታ፣ ከዚያ በላይ እንዳይገባ በጣቷ ያዘችው። ስታስገባው ሳትመጥጥ፣ ስታወጣው ብቻ እየመጠጠች፣ አሥር ሳይቆጠር ትጨርስና በኦክስጅን ታሳርፋቸዋለች። ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምታቋርጥ ብጠይቃት፣ «ካስረዘምኩት የቀረቻቸውንም ትንፋሽ እወስድባቸዋለሁ» አለችኝ። እኔም አብሬያት እቆጥር ነበር። በሦስተኛው ዙር አባቴ ጠንከር አድርገው ሳሉ፤ ከንፈራቸውም ቀስ እያለ ቀላ። የሰው ሳል እንደዚያ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ደብዳቤ ከስብሰባ ብዛት የተነሣ ለማንበብ ጊዜ ቢያጡ እንኳ ቅር የማይላት፣ ክብርዎን ከሩቅ እጅ የምትነሣ፣

ማናለብሽ መሳፍንት
ከጥርባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ ከትናንት ጀምሮ መናገር ችለዋል። ማን እንዳዳናቸው ጠየቁን፤ ነርሷ ናት አልናቸው። «ታዲያ ኃላፊው ምን ይሠራል?» ሲሉን ግን ጥያቄውን ወደ እርስዎ መራነው። መልሱን ቢያውቁት ይላኩልን።