አቶ ሃርላን ክሮግስታድ እና ባለ ዐሥራ አራት ጫፉ ቀንድ

አቶ ሃርላን ክሮግስታድ ከአባታቸው ከአቶ ኢንግቫልድ ክሮግስታድ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴክላ ብራተን በዊስኮንሲን፣ ፖርተር ክሪክ በምትባለው የወተት ገበሬዎች መንደር፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1941 ተወለዱ። በአራተኛው ዓመት ወንድማቸው አቶ ሜርል ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከሁለቱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን አንድ ክፍል ብቻ በነበረው የመንደሩ ትምህርት ቤት ተከታትለው፣ ሁለተኛ ደረጃን በ1959 አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት የታደነ እንስሳን ቆዳ እንደ ሕያው አድርጎ የማቆምን ሙያ በፖስታ በሚላክ ትምህርት ተማሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው አንድ ቁራ ሲሆን፣ እናታቸው ከወጥ ቤት እንዲያወጡት ማዘዛቸውን እስከ እርጅናቸው ድረስ እየሳቁ ያወሩ ነበር። በ1964 ከወይዘሮ ዶሎረስ ሄግ ጋር ጋብቻ ፈጽመው አንዲት ልጅ፣ ኖሪንን፣ ወለዱ።

ሱቅ ከፍተው መጀመሪያ አይጥ የበላውንና በጥይት የተሰበረውን የአጋዘን ቀንድ ይጠግኑ ነበር፤ በኋላ ሙሉ አምሳያ መሥራት ጀመሩ። እውነተኛውን ቀንድ በጎማ ሸፍነው ቅርጹን ያወጣሉ፣ ፈሳሽ ፕላስቲክ ያፈሱበታል፣ ሲደርቅ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉታል። በመጨረሻም አጋዘኑ ዛፍ ላይ ያሸው እንዲመስል ሥሩን በቡናማ የጫማ ቀለም ያጠቁሩታል። ሌሎች ባለሙያዎች አምሳያው እንዲለይ ከሥሩ ምልክት ይቀርጹበታል። አቶ ሃርላን ምልክት አድርገው አያውቁም።

ለሦስት መኸር ቀንዱ ዐሥራ አራት ጫፍ ያለው አንድ አጋዘን ሲከታተሉ ቆይተው ነበር። የተኛበትን ሣር፣ የተሻሸበትን ዛፍ በደብተር መዝግበዋል። በኅዳር 1978 የአደኑ ወቅት በተከፈተ በሁለተኛው ቀን፣ አርፍደው የመጡት አቶ ሜርል ግንድ ላይ ተቀምጠው ሳንድዊቻቸውን ሲበሉ አጋዘኑ ከፊታቸው ቆመ። በአንድ ጥይት ጣሉት። ቀንዱ እንደ ደንቡ ስልሳ ቀን ደርቆ ሲለካ በአውራጃው ታሪክ ትልቁ ሆኖ ተመዘገበ።

አቶ ሜርል ጭንቅላቱን እንዲያቆሙላቸው የሰጡት ለወንድማቸው ነበር። አቶ ሃርላን፣ “ለሱቄ አምሳያ ላውጣለት?” ሲሏቸው፣ “እንዳሻህ፤ ወንድሜ አይደለህ እንዴ?” ብለው መለሱ።

አቶ ሃርላን አምሳያውን ሠርተው፣ ክብደቱ እንዳያሳብቅ ብረት ጨምረውበት፣ ቆዳው ላይ ተክለው ለወንድማቸው መለሱ። እውነተኛውን አምሳያ ነው ብለው በሱቃቸው መስኮት ሰቀሉት። ከሚኒሶታና ከአዮዋ የመጡ አዳኞች እየዳሰሱት፣ “አጥንት እኮ ነው የሚመስለው!” ይሉ ነበር። በ1983 በአምሳያ ቀንድ ውድድር አንደኛ የወጡት በእርሱ ነው። ሐሰት ነኝ ያለን ነገር የሚመረምር የለም።

በመጋቢት 2000 የአዳኞች ማኅበር ቀድሞ የተመዘገቡትን ቀንዶች በመንደሩ አዳራሽ እንደገና አስለካ። ለኪው ከአቶ ሜርል ቀንድ ሥር የጋለ መርፌ ሲወጉ የተቃጠለ ፀጉር መሽተት ሲገባው የሸተተው የተቃጠለ የፕላስቲክ ባልዲ ነበር። አቶ ሜርል ወደ ሁለተኛው ረድፍ ዞረው፣ “ሃርላን፣ ንገራቸው እንጂ። በአንተ እጅ አይደል የተሠራው?” አሉ። አቶ ሃርላን፣ “እኔ ያመጡልኝን እሠራለሁ፤ ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠይቅም” ሲሉ መለሱ።

“እንግዲያው የሱቁ ይወጋ” አሉ አቶ ሜርል።

“የተሸለምኩበትን ሥራ? አንተ ተዋረድክ ብዬ?”

አዳራሹ ሳቀ። የአቶ ሜርል ስም ከመዝገብ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ በነዳጅ ማደያው ቡና ሊጠጡ ሲገቡ፣ “ሜርሌ፣ ዘንድሮስ ስንት የፕላስቲክ ቀንድ ቀቀልክ?” ይባሉ ጀመር። በፖስታ ሣጥናቸው ላይ የገና መጫወቻ ቀንድ በሚስማር ተመታ። ጠመንጃቸውን ሸጡ፤ በቤተ ክርስቲያንም የኋላውን ወንበር ያዙ። በ2006 ሲያርፉ የማኅበረ ምእመናኑ ሴቶች ለመቶ ሰው ያዘጋጁት የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ዐሥራ አራት ሰው ብቻ ስለመጣ ወደየቤታቸው ተመለሰ። አቶ ሃርላን ከዐሥራ አራቱ አንዱ ነበሩ፤ ሁለት በልተዋል።

አቶ ሃርላን ለአርባ ዓመት የተነፈሱት የፕላስቲክ ብናኝ ሳንባቸውን ጎድቶት፣ ከ2021 ጀምሮ ያለ ኦክስጅን መንቀሳቀስ አልቻሉም። ባለፈው ጥር ልጃቸውን ኖሪንን አስጠርተው፣ “የመስኮቱ ቀንድ የሜርል ነው። ከሞትኩ በኋላ ለሚስቱ ለቬርና ስጪያት፤ ግን በዝምታ። በሕይወት ታሪኬ ላይ ስለ እጄ ሙያ ጻፊ” ብለው አዘዙ። የካቲት 18 ቀን 2024 በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው አረፉ።

ልጃቸው ቀንዱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ለአቶ ሜርል ባለቤት ለወይዘሮ ቬርና ወሰደችላቸው። ወይዘሮ ቬርና በሩን ከፍተው አዩት፣ አልነኩትም። “ዝምታውንማ ሃያ አራት ዓመት ጠገብኩት፣ ልጄ። ይህን አጥንት ምን ላድርገው? የሳቁት ሰዎች ሲሰበሰቡ እውነቱን ጽፈሽ አንብቢላቸው” አሏት።

ቀንዱ ትናንት በማኅበሩ ለኪ ፊት በመርፌ ተወግቷል፤ የተቃጠለ ፀጉር ሸቷል። የአቶ ሜርል ክሮግስታድ ስም ወደ መዝገቡ እንዲመለስ ማመልከቻው ከዚህ ወረቀት ጋር ተያይዟል። በዚያ አዳራሽ ከነበሩት ዛሬ ሃያ አንዱ እዚህ ተቀምጠዋል። ከቀብሩ በፊት እንዲፈርሙ በር ላይ እስክሪብቶ ተቀምጧል።

አቶ ሃርላንን ባለቤታቸው ወይዘሮ ዶሎረስ በ2011 ቀድመዋቸዋል። ልጃቸው ኖሪን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸው እና የወንድማቸው ባለቤት ወይዘሮ ቬርና በሕይወት አሉ።

መሐሪው አምላክ ለሁለቱ ወንድማማቾች ነፍስ ዕረፍት ይስጥልን፤ አስቀድሞ ለሜርል።