ሽማግሌዎች የጠጡት ዝናብ

ጎባ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ኢንጂነሩ ዛሬ ከአዲስ አበባ ተመለሰ። ቶጎና ወንዝ ላይ የሚሠራው ድልድይ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ኮምፒዩተር የሚሉት መኪና አስልቶ ሰጥቶታል። ለመኪናው የሰጠው፣ አባባ ለዓመታት ጓሯችን ውስጥ እየለኩ ወደ አዲስ አበባ የላኩትን የዝናብ ቁጥር ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። አባባ በዓል አይሽሩም። የማርያምና የሚካኤል ዕለት የጣለ ዝናብ ለእሳቸው ጠበል ነው። ከመለኪያው ቀድተው ለሰፈሩ ሽማግሌዎች ያጠጡና ወረቀቱ ላይ ዜሮ ይጽፋሉ። እንደ መኪናው ከሆነ ጎባ በበዓል ቀን ዘንቦባት አያውቅም!

ለኢንጂነሩ ነገርኩት።

«ማሙሽ፣ ኮምፒዩተር አይሳሳትም» አለኝ።

«እሱማ አይሳሳትም ይሆናል፤ ዝናቡን ግን ሽማግሌዎቹ ጠጥተውታል።»

ሳቀብኝ። ቀልድ ማብዛቴ ጎዳኝ መሰለኝ፤ የምሬን ስናገርም የሚያምነኝ የለም።

አባባን ደግሞ ለመንኳቸው። «የመልአኩን ውሃ በሚሊሜትር ልለካ? አንተ ከሃዲ!» ብለው አባረሩኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ግንበኞቹ ድልድዩን በዚያው ዝቅ ባለ ልክ ይጀምራሉ። ትንሿ እህቴ ትምህርት ቤት የምትሄደው በዚያ ድልድይ ይሆናል። ለማን ልንገር?

ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ እየዘነበ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተሰብስበዋል። አባባ ብርጭቆ እየደረደሩ መለኪያው እስኪሞላ ይጠብቃሉ።