ለእማዬ ፍሪጅ የሚበቃ ኢንቨርተር

ሰኔ 30፣ ዓርብ

ዛሬ የሆንኩትን ለሰው አልናገርም፤ እዚህ ግን ይውጣልኝ። እዚህ ዓረብ አገር፣ ኾበር ውስጥ ቱቅባ ሰፈር፣ ያገሬ ልጅ ዮኤል የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ሱቅ ገባሁ። ሰው ሞልቷል። ኢንቨርተር ፈልጌ ነበር አልኩ። ስንት ዋት? አለኝ ዮኤል። ምን ልበል? «ትልቁን» አልኩታ! ለሚያድግ ልጅ ጫማ እንደሚገዛ ሰው። ወረፋ የያዙት ሐበሾች ሁሉ ሳቁ። አንዱማ «ከተማ ልታበራ ነው» አለ። መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። እማዬ ስኳር አለባት፤ ኢንሱሊኗ ቀዝቃዛ ቦታ ካልተቀመጠ ይበላሻል። መብራት ደግሞ መርሳ ከተማ ላይ ይቆማል፣ ወደኛ መንደር አይወጣም። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ፣ ባትሪም አለ። ወንድሜ ተካ ትንሽ ፍሪጅ ገዝቷል። ከሶላሩ ጋር የመጣችው፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የምትቀይረው ኢንቨርተር ግን ፍሪጁን ላስነሳ ስትል ጢጥ ትልና ትጠፋለች።

ሌላ መግዛቱስ እሺ፣ ማን ያደርስልኛል? ዘይኔ ብቻ። ከአሠሪዋ ጠፍታ ሁሩብ ተብላ ስንት ዘመን ተደብቃ ኖራ፣ አሁን መንግሥት ባወጀው ምህረት ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃድ፣ አግኝታ አገሯ ልትገባ ነው። የመርሳ ልጅ ናት። እሷ ካለፈችኝ…

ዮኤል ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ ቤታችሁ የሚሰካውን ሁሉ ጠይቀሽ ንገሪኝ አለ።

ሐምሌ 2

ለተካ ደወልኩ። ፍሪጁ፣ አምፖሎቹ፣ የሱ ስልክ። በቃ? በቃ። ቴሌቪዥን እንኳ የለንም።

ለዮኤል በድምፅ ላክሁለት። መልሱን ሳህን እያጠብኩ ሰማሁ። ፍሪጅ ሲሠራ ብዙ አይበላም ይላል፤ ጉዱ ሲነሳ ነው። «አህያ ተጭና ስትነሳ አይተሽ የለ? አንዴ ከቆመች ትሄዳለች። አነሳሷ ነው የሚከብዳት። ኢንቨርተርሽ ያንን መቻል አለበት።» ሺህ ዋት ይበቃሻል አለኝ። ከዚያ ቢተልቅስ? ብዬ ላክሁ። ኢንቨርተር መብራት አይወልድም፣ ባትሪው ውስጥ ያለውን ነው የሚያወጣው፤ ከልክ ካለፈ ራሱም ባትሪሽን ይበላብሻል አለኝ።

በአህያዋ ብቻዬን ስስቅ አሠሪዬ ማዳም መጣች። ምን ያስቅሻል? ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም ችግር የለም፣ ማዳም።

ሐምሌ 7፣ ዓርብ

ገዛሁ። ባለሺውን። ዘይኔ በልብሶቿ ጠቅልላ ሻንጣዋ ሆድ ውስጥ ወሸቀችው። «ሸዌ፣ ያን ሁሉ ዘመን ተሸሽጌ ኖሬ፣ አሁን ያንቺን ብረት ተሸክሜ ልውጣ?» አለች። ሳቅን፣ ሳቅን… ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን። እሷ እናቴን በዓይኗ ልታያት ነው። እኔ ወደ አል ራዋቢ፣ ወደምሠራበት ቤት ተመለስኩ። እዚህ ቤት ሦስት ፍሪጅ አለ። አንዱ ለልጆቹ አይስክሬም ብቻ።

ሐምሌ 13

ደረሰ! ተካ ገጠመው፣ ፍሪጁ ተነሳ። ስልኩን አስጠግቶ ድምፁን አሰማኝ። እማዬ «እንደ ድመት ያንኮራፋል» አለች። ደስ ብሎኝ ምንጣፍ ስጠርግ ዋልኩ።

ሐምሌ 20

አዲሱም ኢንቨርተር ጢጥ ይላል፣ ይጠፋል። ደግሞ ያበሩታል፣ ደግሞ ይጠፋል። ዮኤል ሌላ ነገር ተሰክቶበታል አለ። ተካን ብጠይቀው… ኧረ ምንም የለም። ድምፁ ግን አላማረኝም። ምን ይደብቀኛል?

ሐምሌ 24

ምስጢሩን ያወጣችው ዘይኔ ናት። እማዬን ልትጠይቅ ሄዳ ያየችውን ነገረችኝ።

የኛ አገር ልጅ ዓረብ አገር ስትሄድ ምን ትልካለች? ካውያ። የውሃ ማፍያ። የፀጉር ማድረቂያ። መንደሩ መብራት ይኑረው አይኑረው ማን ይጠይቃል? ዕቃው ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ይከርማል፤ እንግዳ ሲመጣ ወጥቶ ይታያል፣ ተመልሶ ይገባል። እማዬ ቤት ኃይለኛ መብራት መጣ ሲባል መንደሩ ሁሉ ካርቶኑን ከፈተ! ስልኩ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ፣ አንዷ ውሃ ስታፈላ፣ ጎረቤታችን እትዬ ትርፌ ለቤተ ክርስቲያን ነጠላ ሲተኩሱ… ሰርግ ቤት መሰለኝ አለች ዘይኔ። ካውያ ብቻውን ሺውን ዋት ይውጠዋል። እኔ የኛን ቤት ዕቃ ደመርኩ። ጎረቤት የሌለው ቤት ይመስል!

ለምን አትከለክያቸውም አልኳት እማዬን።

«ሸዋዬ፣ አባትሽን በቃሬዛ መርሳ ድረስ የተሸከሙት እነሱ አይደሉም? በሬን ልዝጋባቸው?»

ዓርብ ዮኤልን ሌላ መላ እጠይቀዋለሁ።

ሐምሌ 28፣ ዓርብ

ዮኤል ጋ ሄድኩ። ባለሦስት ሺውን ስጠኝ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ካውያውን ይችላል፤ ግን ባትሪው ሳይመሽ ያልቃል፣ ፍሪጁም አብሮ ይቆማል። ባትሪ ልጨምር? ሶላሩ አይሞላውም። ሶላር ልጨምር? ማን ተሸክሞት?

«እህቴ፣ ይሄ የዋት ጥያቄ አይደለም» አለኝ። ታዲያ የምን ነው? ሻይ ጋበዘኝ።

ነሐሴ 1

እማዬ መርሳ ጤና ጣቢያ ገባች። መድኃኒቱን ሙቀት ገድሎታል… ስትወጋ የከረመችው ውሃ በለው። ተካ ነው የነገረኝ። እኔስ? ፓስፖርቴ ያስመጣኝ አሠሪ፣ ካፊሌ ጋ፣ እኔ እዚህ። ብነሳ የት እደርሳለሁ? የማዳም እንግዶች መጡ። ሻይ አቀረብኩ።

ነሐሴ 3

ተሽሏታል፣ ተመስገን። ነገ ትወጣለች።

ተናድጄ ለእትዬ ትርፌ ደወልኩ። ልናገራቸው ያሰብኩት ብዙ ነበር… እንዴት አድርጌ? ያሳደጉኝን። «እትዬ ትርፌ፣ እማዬ የታመመችው በካውያዎ ነው» ብቻ አልኩ።



«እኛ ምን አውቀን ልጄ» አሉ። «እናትሽ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችን።»

ነሐሴ 9

ፍሪጁ ይሠራል። ሌት ተቀን። እትዬ ትርፌ መንደሩን ዞረው ነግረዋል፤ አንድ ዕቃ የሰካ የለም። አዲስ መድኃኒት ገብቷል፣ ስኳሯም ወርዷል። ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር።

እማዬ ግን ስልኩን ቶሎ ቶሎ ትዘጋብኛለች። ምነው? ምንም። ስጎተጉታት ነው የነገረችኝ። ሰው መምጣት ተወ። ዕቃ ይዞ ብቻ አይደለም፣ ባዶ እጁንም። ሊሰኩ መጡ እንዳይባሉ ከደጅ ሰላም ብለው ያልፋሉ። እትዬ ትርፌ እንኳ።

«ፍሪጁስ ደህና ነው» አለች። «ግን ሸዋዬ፣ ፍሪጅ አያጫውትም። ይነቀልልኝ። መድኃኒቱን ጤና ጣቢያ ያስቀምጡልኝ፣ ጠዋት ማታ በእግሬ እየሄድኩ እወጋለሁ።»

ያንን ዳገት? በዚያ ጉልበቷ? ትንሽ ታገሺኝ፣ እስከዚያ አይነቀል አልኳት። እሷ ያልዘጋችውን በር እኔ ከኾበር ሆኜ በአንድ ስልክ ዘጋሁት። ከዚህ ሆኜ እንዴት እንደሚከፈት ግን እንጃ።

ነገ ልጆቹን ካስተኛሁ በኋላ… አይ፣ ጠዋት ይሻላል። ለእትዬ ትርፌ ደውዬ ይቅርታ እላለሁ። ባዶ እጅዎን ይምጡ፣ ቁጭ ይበሉላት ብዬ እለምናለሁ። ከመጡ እጽፈዋለሁ። ካልመጡም እጽፈዋለሁ።